የሰፈር ክፍት ቦታን በወረዳ በጀት መናፈሻ ማድረግ፦ ከፕላን ማጣሪያ እስከ መጀመሪያው በጋ

የሰፈር ልማት ኮሚቴ ሲቋቋም ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ሥራው ችግኝ መትከል ነው። በሐምሌ ይተከላል፣ እንግዶች ተጋብዘው ፎቶ ይነሣል፣ በኅዳር ግማሹ ይደርቃል፣ በመጋቢት ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ አሸዋ ያራግፍበታል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው "ወረዳው በጀት የለውም" የሚለው ቃል ነው።

በጀቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታጣው ጥያቄው በማይሆን ወር፣ በማይሆን ርዕስ ሥር ስለሚቀርብ ነው። ለግንባታ ይጠየቃል፣ ለውሃና ለጥበቃ አይጠየቅም። ቦታው በፕላን ለምን እንደተመደበ ሳይጣራም ቁፋሮ ይጀመራል። ይህ መመሪያ ለእድር አመራሮች፣ ለመንደር ልማት ኮሚቴዎችና ለወረዳ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከ500 እስከ 3,000 ካሬ ሜትር ለሚሆን የሰፈር ክፍት ቦታ ያገለግላል። የመሥሪያ ቤቶቹ አጠራር በአብዛኛው የአዲስ አበባ ነው፤ በሌላ ከተማ የምትኖሩ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ክፍል ከከተማ አስተዳደራችሁ ጠይቁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከ5 እስከ 7 ሰው ያለው ኮሚቴ ምረጡ። ደብዳቤ መጻፍ የሚችል፣ ግንባታ የሚያውቅና ቀኑን ሙሉ ሰፈር ውስጥ የምትውል ቢያንስ አንዲት እናት ይኑሩበት። ቦታው ላይ በቀን ምን እንደሚደረግ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ፣ የ50 ሜትር መለኪያ ሜትርና ለደብዳቤዎች ፋይል ያዙ።

ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያውን ተረዱ። ዋናው ወጥመድ እዚህ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። ዝናቡ ደግሞ በሰኔ ጠንክሮ በመስከረም ይወጣል። ስለዚህ በሐምሌ የጸደቀ ገንዘብ ጨረታው እስኪያልቅ ክረምቱ ያልፋል፤ ግንባታው በበጋ ይሠራል፤ ተከላው የሚደርሰው በሚቀጥለው ሐምሌ፣ ማለትም በሌላ በጀት ዓመት ነው። ሰኔ 30 ላይ ያልተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን፣ "የተከላው ብር ተይዟል" ያላችሁት ብር በተከላው ቀን አይኖርም። ሥራውን እንዲህ ዘርጉት፦

- ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፦ የቦታ ማጣራት፣ የተጠቃሚ ቆጠራ፣ የወጪ ግምት
- ጥርና የካቲት፦ ጥያቄ ማስገባት
- ከመጋቢት እስከ ሰኔ፦ ክትትል
- ከሐምሌ እስከ መስከረም፦ ዝርዝር ዲዛይንና ጨረታ
- ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፦ ግንባታ
- ግንቦት፦ የችግኝ ጉድጓድ
- ቀጣዩ ሐምሌ፦ ተከላ (በሁለተኛው ዓመት በጀት)

የበጀት ጥሪ የሚወጣበት ቀን ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። የዘንድሮውን ለማወቅ በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ ወረዳው የዕቅድና የፋይናንስ ክፍሎች ሂዱና "የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ መቼ ይሰበሰባል?" ብላችሁ ጠይቁ።

## ደረጃ 1፦ ቦታው ለምን እንደተመደበ በጽሑፍ አረጋግጡ

1. የቦታውን አራት ማዕዘናት ለኩና በአንድ ገጽ ላይ ንድፍ ሥሩ። አዋሳኞቹን በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ጻፉ።
2. ንድፉን አያይዛችሁ በወረዳው በኩል ለክፍለ ከተማው የፕላንና የመሬት ልማት መሥሪያ ቤቶች የፕላን ማጣሪያ ጥያቄ አቅርቡ። የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ቦታ በመዋቅራዊ ፕላኑ (በመላው ከተማ ፕላን) እና በአካባቢ ልማት ፕላኑ (በአካባቢው ዝርዝር ፕላን) ለምን አገልግሎት ተመድቧል?
3. መልሱን በቃል አትቀበሉ። ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያዙ።
4. በአካባቢው የሚያልፍ የውሃ መስመር፣ የፍሳሽ መስመር ወይም የከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ መስመር መኖሩንም በዚያው ጠይቁ። ከኃይል መስመር ሥር ረጅም ዛፍ አይተከልም፤ ከፍሳሽ መስመር ላይ መጫወቻ አይሠራም።

መልሱ ከአራት አንዱ ይሆናል። "ለአረንጓዴ" ወይም "ለመዝናኛ" ከተባለ ወደ ደረጃ 2 እለፉ። "ለመንገድ" ከተባለ አቁሙ፤ በዚያ ላይ ገንዘብ ማውጣት የራስን ኪስ መቅደድ ነው። "ለቅይጥ አገልግሎት" ወይም "ለመኖሪያ" ከተባለ የፕላን ማሻሻያ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን ረጅም ነው፤ የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከ2017 እስከ 2027 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሚዘልቅ ስለሆነ አዲሱ ፕላን ሲዘጋጅ ጥያቄያችሁ እንዲገባ ከአሁኑ በደብዳቤ አስመዝግቡ። አራተኛው መልስ "ቦታው ለአንድ ግለሰብ ወይም ድርጅት ተሰጥቷል" ነው። ይህን ከሰማችሁ መቼና በምን ውሳኔ እንደተሰጠ በጽሑፍ ጠይቁ፤ እስኪመለስላችሁ ድረስ አንድም ችግኝ አትትከሉ። ተከላን እንደ ክርክር ማስረጃ ለመጠቀም የሚሞክሩ አሉ። ችግኙ ይነቀላል፣ ክርክሩም ይበላሻል።

ማስጠንቀቂያ፦ "ለአረንጓዴ የተመደበ" መባሉ ብቻውን ቦታውን አይጠብቀውም። ቦታው በመንግሥት አካል ስም እንዲመዘገብና የወሰን ድንጋይ እንዲተከልለት ጠይቁ። ኮሚቴው ወይም እድሩ የቦታው ባለይዞታ ለመሆን አይሞክር፤ የሕዝብ መናፈሻ የመንግሥት በጀት የሚያገኘው በመንግሥት መዝገብ ላይ ሲኖር ነው።

## ደረጃ 2፦ ቦታውን አሁን ማን እንደሚጠቀምበት ቁጠሩ

ባዶ የሚመስል ቦታ ባዶ አይደለም። በአንድ የሥራ ቀንና በአንድ እሑድ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቆማችሁ ጻፉ፦ ማን አለ? ምን ያደርጋል? የቱ ጥግ ላይ? በተለይ እነዚህን ፈልጉ፦

- የኳስ ሜዳ። ልጆች የሚጫወቱበትን ሜዳ በአበባ መደብ ከተካችሁ አበባው እስከ ጥቅምት አይደርስም። ሜዳውን በንድፉ ውስጥ አስቀሩት፤ ካነሰም አሳንሱት እንጂ አታጥፉት።
- የድንኳን ቦታ። ሐዘንም ሠርግም ድንኳን ይፈልጋል። ዛፍ የሌለበት፣ ጠንካራ መሬት ያለው፣ መኪና የሚደርስበት ጥግ ተዉ። ይህን የረሳ ንድፍ የእድሩን ድጋፍ በመጀመሪያው ለቅሶ ያጣል።
- የደመራ ቦታ። መስከረም 16 እዚያው የሚደመር ከሆነ ቦታው ሣርም ቁጥቋጦም አይልበስ፤ ጠጠር ወይም ድንጋይ ንጣፍ ይሁን። የቅርቡ ዛፍ ከእሳቱ ወላፈን በደንብ ይራቅ።
- የቆሻሻ ገንዳ። ገንዳው የሚቆመው በአብዛኛው እንደዚህ ባለ ክፍት ቦታ ላይ ነው። ከወረዳው ጽዳት አስተዳደር ጋር ሌላ ቦታ በጽሑፍ ሳትስማሙ አታስነሡት። ያለ ምትክ ከተነሣ ቆሻሻው ይቀጥላል፣ ገንዳው ብቻ ይጠፋል።
- ሻጮችና የመኪና ማቆሚያ። ቡና የምታፈላ፣ ቆሎ የምትሸጥ፣ ማታ ሚኒባስ የሚያሳድር ሁሉ ስሙ ይጻፍ። በስብሰባው ይጠሩ። ሳይጠሩ የቀሩት ናቸው በኋላ አቤቱታ ይዘው የሚመጡት።

ቆጠራው ሲያልቅ የሰፈር ስብሰባ ጥሩና ቃለ ጉባኤ ያዙ። ተሰብሳቢዎች ይፈርሙ። ይህ ወረቀት በደረጃ 4 ያስፈልጋችኋል።

## ደረጃ 3፦ ወጪውን ለሁለት ክፈሉት

የወረዳ በጀት ሁለት ኪስ አለው። አንዱ ካፒታል በጀት ነው፦ አጥር፣ መንገድ፣ መቀመጫ፣ መብራት፣ የውሃ መስመር። ሌላው መደበኛ በጀት ነው፦ ደመወዝ፣ የውሃና የመብራት ክፍያ፣ ማዳበሪያ፣ ጥገና። ሁሉም ኮሚቴ የመጀመሪያውን ይጠይቃል። ሁለተኛውን የሚጠይቅ እምብዛም አታገኙም። ስለዚህ ሁለተኛውን አስቀድማችሁ አስሉ፣ ከዚያ ወደ ግንባታው ተመለሱ። ዓመታዊውን ወጪ ወረዳው ሊሸከም ካልቻለ ንድፉን ቀንሱ።

ውሃ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት አንድ ሊትር ነው። ሣር በበጋ በቀን 4 ሊትር በካሬ ሜትር ይፈልጋል ብላችሁ ብትነሡ፣ 500 ካሬ ሜትር ሣር በቀን 2,000 ሊትር፣ በወር 60 ሜትር ኩብ ይጠጣል። 40 ዛፍ ግን እያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ሊትር ቢያገኝ በወር 7 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃዋል። ይህን ስሌት ለሰፈሩ ሰው አሳዩ። "ሁሉም ሣር ይሁን" የሚለው ክርክር በአብዛኛው እዚህ ላይ ያበቃል።

በሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ የሮቶውን መጠን በፈረቃው ልክ አድርጉት። ለሦስት ቀን የሚጠፋ ከሆነ የሦስት ቀን ውሃ የሚይዝ ሮቶ ያስፈልጋል። የጉድጓድ ውሃ ከታሰበ የፓምፑን የመብራት ክፍያ አትርሱ።

ጥበቃ። "አንድ ዘበኛ ይበቃናል" የሚባለው ስህተት ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአንድ ሠራተኛ መደበኛ ሥራ ከሳምንት 48 ሰዓት አይበልጥም። አንድ የጥበቃ ቦታ ሌት ተቀን ለመሸፈን 3.5 ሰው ይፈልጋል፤ የዓመት ፈቃድና ሕመም ሲጨመር 4 ሰው። የአራት ሰው ደመወዝ ካልተገኘ መናፈሻው ማታ የሚዘጋ በር ይኑረውና የቀን ጥበቃ ብቻ ይያዝ። አንድ ዘበኛ ቀጥሮ ሌት ተቀን እንዲጠብቅ ማዘዝ ማታ ላይ የተኛ ዘበኛ መግዛት ነው።

አትክልተኛ። እስከ 1,500 ካሬ ሜትር ሣሩ ትንሽ ለሆነ ቦታ አንድ ትጉህ አትክልተኛ ይበቃል ባይ ነኝ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎች በብዙ ወረዳዎች የጽዳትና የአረንጓዴ ሥራ ይሠራሉ፤ ለቁፋሮ፣ ለኩትኳቶና ለጽዳት እንዲመደቡላችሁ ጠይቁ። ነገር ግን ተጠቃሚዎቹ ጊዜያቸው ሲሞላ ከፕሮግራሙ ስለሚመረቁ፣ የዕለት ውሃ ማጠጣትን በእነሱ ላይ ብቻ አትጣሉ።

መጸዳጃ ቤት። በየቀኑ የሚያጸዳው ሰው ደመወዝና ውሃ ካልተያዘለት አትሥሩት። ይህን የምለው ጠንከር አድርጌ ነው፤ ያልተያዘ መጸዳጃ ቤት መናፈሻውን በስድስት ወር ውስጥ ሰው የሚሸሸው ቦታ ያደርገዋል።

## ደረጃ 4፦ ጥያቄውን በወቅቱና በወጉ አስገቡ

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። አባሪው የፈለገውን ያህል ይሁን። እንዲህ ጻፉት፦

> ለ… ወረዳ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
>
> ጉዳዩ፦ በ… መንደር የሚገኘው ክፍት ቦታ በ… በጀት ዓመት ዕቅድና በጀት እንዲያዝለት ስለመጠየቅ
>
> ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በ… አጠገብ የሚገኘውና በቀን … በቁጥር … በተሰጠ የፕላን ማጣሪያ ለአረንጓዴ አገልግሎት መመደቡ የተረጋገጠው … ካሬ ሜትር ቦታ ለሕዝብ መናፈሻነት እንዲለማ ነዋሪዎች በቀን … ባደረግነው ስብሰባ ወስነናል። በመሆኑም፦
>
> 1ኛ. ለግንባታ በካፒታል በጀት ብር …
>
> 2ኛ. ለጥበቃ፣ ለአትክልተኛ፣ ለውሃና ለጥገና በመደበኛ በጀት በዓመት ብር …
>
> 3ኛ. በቀጣዩ በጀት ዓመት ሐምሌ ለሚካሄደው ተከላ ብር …
>
> እንዲያዝልን እየጠየቅን፣ ነዋሪው በበኩሉ … የሚሸፍን መሆኑን እንገልጻለን። የፕላን ማጣሪያ፣ የቦታ ንድፍ፣ የወጪ ግምትና ቃለ ጉባኤ በ… ገጽ አባሪ አድርገናል።
>
> ከሰላምታ ጋር
>
> ግልባጭ፦ ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት፤ ለወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት፤ ለክፍለ ከተማው የውበትና አረንጓዴ ልማት ጽሕፈት ቤት

1. ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስገቡ። በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ማስገባት አይደለም። የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በመዝገባችሁ ላይ ጻፉ።
2. በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብዳቤው ለየትኛው ባለሙያ እንደተመራ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ የምትነጋገሩት ከዚያ ባለሙያ ጋር ነው። ስልኩን ሳይሆን ቢሮውን አዘውትሩ።
3. በመጋቢት "በዕቅዱ ረቂቅ ውስጥ ገብቷል?" ብላችሁ አረጋግጡ። ረቂቁ ውስጥ ያልገባ ነገር በሰኔ ምክር ቤት ላይ በጭብጨባ አይገባም።
4. ረቂቁ ለወረዳው ምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት በሰፈራችሁ የተመረጡትን የምክር ቤት አባላት ወደ ቦታው ጋብዙ። በዝናብ ወይም በአቧራ ቀን ይሁን፤ ቦታው ራሱ ይናገራል።

የተሰጣችሁ ከጠየቃችሁት ካነሰ ሁሉንም በጥቂቱ ለመሥራት አትሞክሩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ወሰንና አጥር፣ የፍሳሽ ማስወገጃ፣ የውሃ መስመርና ሮቶ፣ የእግር መንገድ፣ ዛፍ፣ መቀመጫ፣ መብራት። ፏፏቴ፣ ሐውልትና ትልቅ የስም ሰሌዳ ከሁሉም በኋላ ይመጣሉ፤ ባይመጡም ማንም አይጎዳም።

መደበኛ በጀቱ ከተከለከለ ግንባታውን ከመቀበላችሁ በፊት ክፍለ ከተማው አትክልተኛና ጥበቃ እንዲመድብ የጽሑፍ ቃል አስገቡ። ቃሉ ካልተገኘ አጥሩና ዛፉ ብቻ እንዲሠራ ጠይቁ።

## ደረጃ 5፦ የነዋሪውን መዋጮ ያዙ፣ ግን በደረሰኝ

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ያየቻቸው ታላላቅ ፓርኮች ገንዘባቸውን ያገኙት በሌላ መንገድ ነው፤ ሸገርን ለማስዋብ ለተያዘው የወንዝ ዳር ፕሮጀክት በገቢ ማሰባሰቢያ እራት ላይ አንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ተሽጧል። የሰፈር መናፈሻ በዚያ መንገድ አይሠራም። የእናንተ መዋጮ ጉልበት፣ ቁሳቁስና ጥቂት ገንዘብ ነው።

ገንዘቡ በማንም ግለሰብ ሒሳብ ውስጥ አይግባ። ወረዳው የሚሰበስበው ከሆነ ሞዴል 64 በሚባለው የገቢ ደረሰኝ ይሰብሰብ። እድሩ የሚሰበስበው ከሆነ በእድሩ የባንክ ሒሳብ፣ በሦስት ፈራሚ፣ ለብቻው በተያዘ መዝገብ ይሁን። ሲሚንቶ፣ ድንጋይ ወይም ቧንቧ የሚለግስ ሰው ካለ ንብረቱ በሞዴል 19 ገቢ ይደረግ። በቃል የተረከባችሁት ሲሚንቶ ሌሊት እግር ያወጣል።

በመናፈሻው ውስጥ ቡና ቤት ወይም ኪዮስክ አከራይቶ ጥገናውን መሸፈን ለብዙዎች የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ተጠንቀቁ። የመንግሥት ገቢ በመርሕ ደረጃ ወደ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ኪራዩ ወደ መናፈሻው የሚመለሰው መሥሪያ ቤቱ የውስጥ ገቢውን እንዲጠቀም ሲፈቀድለት ብቻ ነው። ይህን ፈቃድ ሳታረጋግጡ ኪዮስክ ከሠራችሁ ቦታ ታጣላችሁ፣ ገንዘብም አታገኙም። ቢፈቀድ እንኳ የሚከራየው ክፍል ከጠቅላላ ስፋቱ ከአንድ ሃያኛ አይለፍ። በየዓመቱ አንድ ሜትር እየተገፋ መናፈሻው የካፌ ጓሮ ሲሆን ታይቷል።

## ደረጃ 6፦ ንድፉን በአፈሩና በውሃው ልክ ሥሩ

መጀመሪያ ቆፍራችሁ አፈሩን እዩ። ቦሌና አቃቂ አካባቢ እንደሚታየው ጥቁር መረሬ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በቀጥታ የተጣለ ንጣፍና ዝቅተኛ ግንብ ይፈነዳል። መረሬው ተጠርጎ ወጥቶ በምትኩ ጠጠርና ገረጋንቲ እንዲሞላ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ።

- መሬቱን ከመሃል ወደ ዳር በ100 ሜትር ቢያንስ 2 ሜትር ዝቅ በሚል ተዳፋት አስተካክሉ። ውሃው ወደ ጎረቤት ግቢ ሳይሆን ወደ ቦይ መሄዱን አረጋግጡ።
- ዋናው የእግር መንገድ ወርድ 1.8 ሜትር ይሁን፤ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ይተላለፋሉ። ደረጃ ባለበት ሁሉ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ጨምሩ።
- የእግር መንገዱን ሰው አሁን በሚሄድበት ላይ ዘርጉ። ሣሩ ላይ "መሄድ ክልክል ነው" ብሎ መጻፍ ንድፉ መሳሳቱን ማመን ነው።
- ሣር ከተፈለገ ሰርዶ ምረጡ። መረገጥን ይችላል፣ ቢደርቅም በዝናብ ይመለሳል።
- ለዛፍ ወይራ፣ ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድና ኮሶ ለአዲስ አበባ ከፍታ ይስማማሉ፤ ቶሎ ጥላ ከፈለጋችሁ ግራቪሊያና ጃካራንዳ ጨምሩ። ባሕር ዛፍ አይገባም።
- በልጆች መጫወቻ አጠገብ ኦሊያንደር የሚባለውን የአበባ ቁጥቋጦ አትትከሉ፤ ቅጠሉም አበባውም መርዝ ነው። ብርብራ ጥላው ጥሩ ነው፣ ፍሬው ግን ዓሣ ለማስከር የሚያገለግል ስለሆነ ከሕፃናትና ከዓሣ ገንዳ አርቁት።
- ከዥዋዥዌ ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ ይሞላ። ሲሚንቶ ፈጽሞ አይሁን።
- መቀመጫ በሲሚንቶ መሠረት ይታሰር። የማይታሰር ብረት አይቆይም።

## ደረጃ 7፦ ጨረታ፣ ግንባታና ርክክብ

ጨረታውን የሚያወጣው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ እናንተ የምትገቡት በሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ የሥራ ዝርዝሩና የመሐንዲሱ ግምት ከመታተሙ በፊት አንብቡት። "ልዩ ልዩ ሥራዎች" የሚል ትልቅ መስመር ካለበት ተዘርዝሮ እንዲጻፍ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ኮሚቴው በርክክቡ ላይ እንዲታዘብ በደብዳቤ አስፈቅዱ።

በግንባታው ጊዜ ሊከደን የተቃረበ ሥራ ሁሉ ሳይከደን ይታይ፦ የመሠረት ጥልቀት፣ የቧንቧ አቀባበር፣ የገረጋንቲው ውፍረት። ፎቶ ከሜትር ጋር አንሡ። የአረንጓዴ ሥራው ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበር ከተሰጠ ክፍያው "በተተከለ" ቁጥር ብቻ ሳይሆን በግንቦት በሕይወት በተገኘ ቁጥርም እንዲሆን በውሉ ላይ አስገቡ። ይህ አንድ መስመር የውሉን ጠባይ ይለውጠዋል።

በጊዜያዊ ርክክብ ቀን ቧንቧውን ክፈቱ፣ መብራቱን አብሩ፣ ቦዩ ላይ አንድ በርሜል ውሃ አፍስሱ። ጉድለቱ ተዘርዝሮ ይፈረም። የመጨረሻው ርክክብ እስኪደርስ ከክፍያው የተያዘው የዋስትና ገንዘብ መሣሪያችሁ ነው፤ ክረምት ሳያልፍበት እንዳይለቀቅ ጠይቁ።

## ደረጃ 8፦ ተከላ

1. ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍሩ። ለዛፍ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት። የላዩን አፈርና የታቹን አፈር ለይታችሁ ከምሩ።
2. ቁመቱ ወደ አንድ ሜትር የተጠጋ፣ ግንዱ የጠነከረ ችግኝ ምረጡ። በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ችግኝ በነፃ ከመንግሥት ጣቢያዎች ይገኛል፤ በሰኔ አስመዝግቡ፤ በሐምሌ መጨረሻ የሚቀረው ሌላው ያልመረጠው ነው።
3. ዝናቡ ጉድጓዱን ካራሰ በኋላ፣ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ትከሉ።
4. ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ቅደዱና አውጡ። የተጠቀለለ ሥር ካለ በምላጭ ቁረጡ።
5. የላዩን አፈር ከብስባሽ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱ። ሥሩና ግንዱ የሚገናኙበት ነጥብ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን። በመረሬ ላይ ግን ውሃ እንዳይተኛበት ከፍ አድርጋችሁ በጉብታ ላይ ትከሉ።
6. ችግኙን በተቸነከረ እንጨት ደግፉ፣ በአጥር ክበቡ፣ ቁጥር ስጡት። ቁጥር ያለው ችግኝ የሚጠየቅበት ሰው አለው።

## ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው በጋ

ከጥቅምት ጀምሮ ውሃ ማጠጣት በመዝገብ ይሁን፦ ቀን፣ የችግኝ ቁጥር፣ የአጠጪው ፊርማ። በጥቂቱ በየቀኑ ከማርከፍከፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ በደንብ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። በግንዱ ዙሪያ ደረቅ ሣር አልብሱ፣ ግንዱን ግን አይንካ። በኅዳር፣ በጥርና በሚያዝያ ቁጠሩ። የሞተውን በዚያው ቁጥር ለመተካት ለቀጣዩ ሐምሌ ያዙ።

በጥር ደግሞ የመደበኛ በጀት ጥያቄውን እንደገና አስገቡ። ባለፈው ዓመት መሰጠቱ ዘንድሮ መሰጠቱን አያረጋግጥም። የቆጠራውን ውጤትና የውሃ ክፍያ ደረሰኞችን አያይዙ።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ

ግንባታው በግንቦት ካላለቀ። ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት ለተሠራው ሥራ ክፍያ እንዲጠየቅ መሥሪያ ቤቱን አስታውሱ፤ ቀሪው በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ "የዞረ ፕሮጀክት" ሆኖ እንዲመዘገብ በደብዳቤ ጠይቁ። ካልተመዘገበ በሐምሌ እንደ አዲስ ትለምናላችሁ።

አንድ ሰው አጥሩን ገፍቶ ከገባ። በዕለቱ ፎቶ አንሡ፣ ከወሰን ድንጋዩ ለኩ፣ ለደንብ ማስከበርና ለመሬት ልማት ጽሕፈት ቤት በተመሳሳይ ቀን በመዝገብ ቤት አስገቡ። ራሳችሁ አታፍርሱ።

ቧንቧው ከተሰረቀ። ብረቱን በብረት አትተኩ። በፕላስቲክ ቧንቧ ተኩና ቅበሩት፤ ቆጣሪውን በሚቆለፍ የሲሚንቶ ሳጥን ውስጥ አስገቡ።

የቆጣሪ ዕዳ ከተከማቸ። ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ እዩ። በተቋራጩ ስም ከቀረ ማንም አይከፍለውም። ከመጨረሻው ክፍያ በፊት በመሥሪያ ቤቱ ስም እንዲዛወር አድርጉ።

መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አደረጃጀት ከተቀየረ። ይህ በየጥቂት ዓመቱ ያጋጥማል፤ መናፈሻው ከአንዱ ቢሮ ወጥቶ ሌላው ሳይረከበው ይቀራል፣ የአትክልተኛውም ደመወዝ በመሃል ይቆማል። አዋጁ ወይም ደንቡ በወጣ ሰሞን መናፈሻው በርክክብ ሰነዱ የንብረት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን በሁለቱም ቢሮዎች ጠይቁ። ከሌለ የፕላን ማጣሪያውን፣ የመጨረሻ ርክክቡንና የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ኮፒ አድርጋችሁ ለአዲሱ ቢሮ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ግልባጩንም ለወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት።